ፎቶግራፍን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ጥበብ ስለ ማስተማር፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄ

መምህር ከጅሬን

ለመድረኩ ታዳሚዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የፎቶግራፍ ክበብ እመራለሁ። ያለን ንብረት በስጦታ የተገኙ ሦስት ያረጁ ካሜራዎች፣ አንድ ላፕቶፕና የተማሪዎቹ ስልኮች ሲሆኑ፣ የክበቡ አባላት 26 ናቸው። በቅርቡ ርዕሰ መምህራችን ክበቡ ከመጪው ሰሚስተር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለው፣ ውጤትም የሚሰጥበት ትምህርት እንዲሆን ዕቅድ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ጽፌ ስጨርስ ግን ዕቅዴን ራሴ አልወደድኩትም።

አሥራ ስድስቱም ሳምንት የሞላው በመሣሪያው ነበር፦ በሌንስ ቀዳዳ (አፐርቸር)፣ በሹተር ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት የጊዜ ርዝመት)፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜታዊነት)፣ በሜሞሪ ካርድ አያያዝ። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ቢሆንም ከመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ብዙም አይለይም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በሂርማታ ገበያ በአንድ ከሰዓት ያነሳቻቸውን 412 ፎቶዎች ይዛልኝ መጣች። ፎከሳቸው የጠራ፣ ብርሃናቸውም የተመጠነ ነበር። «ከእነዚህ ውስጥ ያንቺ የሆነው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ሁሉንም እኮ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። ጥያቄዬ አልገባትም ብዬ ላብራራ አፌን ስከፍት፣ እኔም ብጠየቅ የምመልሰው እንደሌለኝ ተረዳሁ።

ፎቶግራፍን እንደ ጥበብ ማስተማር ማለት በዋናነት መምረጥን ማስተማር ይመስለኛል፤ ከመነሳቱ በፊት በፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ የትኛው ይጣል የሚለውን። ይህ በክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጣል? እንዴትስ ይታረማል?

ባለ ፎቶ ቤቱ

መምህር፣ ስለ ልፋትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ በዚሁ ከተማ ከ30 ዓመት በላይ በፎቶ ቤት ሥራ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ስለሆንኩ በግልጽ ልናገር። ተማሪዎቹን የሚጠቅማቸው ሙያው ነው። ጉርድ ፎቶ ማንሳትን፣ በሠርግ ቀን ዘመድ ሳይቀየም ሁሉንም ማሰለፍን፣ ቀብድ ተቀብሎ ከደንበኛ ጋር መዋዋልን ቢያውቁ በክረምት ሠርተው የደብተራቸውን ያገኛሉ። መምረጥ የሚሉት ነገር ለእኔ የደንበኛው ሥራ ነው፤ አልበም ውስጥ የሚገባውን እሱ ይመርጣል፣ እኔ አትማለሁ።

አንድ ነገር ግን በዕቅድዎ ውስጥ ይግባልኝ። ካሜራ ብርሃን የሚለካው፣ ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል በሚል ግምት ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ልጅ ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ሂጃብ ለብሳ ብትቀመጥ ፍሬሙን የሚሞላው ጨርቁ ስለሆነ፣ ካሜራው ብርሃን በዛብኝ ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ነጩ ጨርቅ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷም የዓይኗ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ይጠቁራል። ልጅቷም አይታው «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» ብላ ትሄዳለች። ይህን አነጋገር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ጥፋቱ የለኪው ግምት እንጂ የመልኳ አይደለም። ፊቷን ብቻ ለክቶ መጠኑን በዓይን ማስተካከል፣ በስልክም ከሆነ ጣትን ፊቷ ላይ ማሳረፍ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ከበር ወይም ከመስኮት አጠገብ ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርጎ ማስቀመጥ በቂ ነው። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ያስተምሯቸው። ከአፐርቸር ቁጥሮች በፊት።

ሌንስና መስታወት

ለሥራ ባልደረባዬ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛው ተራ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ከየትኛው ትምህርት ላይ ይቀነሳሉ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለ ፎቶግራፍ እንደማይጠይቅ ወላጁም ተማሪውም ያውቃል።

ሁለተኛው ጥበብ የሚለውን ስም ይመለከታል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ዲጂታል ካሜራን የማየው የመሐንዲስ ልጅ አድርጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ 100 በ100፣ ማለትም 10,000 ነጥቦች ብቻ ያሉትን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው መሣሪያ የዚያ ተከታይ ነው። ሠዓሊ ባዶ ሸራ ላይ የሌለውን ያመጣል፤ ካሜራ ግን ያለውን ይቀዳል። በብርሃን ትምህርት ውስጥ አንድ ምዕራፍ አድርገን ብናስተምረው ምን ይጎድልበታል?

ሠዓሊት

ለመጨረሻው አስተያየት ምላሽ ለመስጠት ያህል፦ በአዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሬ አሁን ጅማ እኖራለሁ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ሚካኤል ጸጋዬ በሥዕል ተመርቆ ሳለ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ቡሩሹን ትቶ ወደ ካሜራ ዞሯል፤ ቀለሙ ቢቀርም የተማረው አስተያየት አብሮት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ደግሞ የሰዎቿን ፊትና ገላ ቀለም ቀብታ፣ ልብሱንና ከበስተ ጀርባ ያለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነው ብዙ ሥራዎቿን የምታነሳው። እዚያ ላይ «ያለውን ይቀዳል» የሚለው አባባል የቱን ነው የሚመለከተው? ያለው ነገር እሷ ያመጣችው ነው። መሣሪያ የለንም ለሚሉትም ግርማ በርታን ልጥቀስ፤ በስልኩ ከመንገድ ላይ ያነሳቸውን ሰዎች ከግርግሩ ነጥሎ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያሳርፋቸዋል፤ በዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2016 የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሰጡትን የገንዘብ ድጋፍ ካገኙት አንዱ ሆኗል።

ወደ መምህሩ ጥያቄ ስመለስ፣ መምረጥ የሚሰጠው በሂስ ነው። እኛ ስንማር ሥራችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ የሠራው ሰው ዝም ብሎ፣ ሌሎቹ በመጀመሪያ የሚያዩትን ብቻ ይናገሩ ነበር። «ያምራል» እና «አያምርም» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ሰሚስተር ይከልክሏቸው። «በስተግራ ጥግ የተቆረጠ እጅ አለ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው» ማለት የቻለ ተማሪ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ጥግ ሳያይ ሹተሩን አይጫንም። የሠራው ልጅ መልስ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሊል ያሰበውን ትቶ ሌላ ነገር ይናገራል።

ስለ ማረም የሌላ አገር ልምድ ብንጠቅስ አይጎዳም። በአሜሪካ ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ተቋም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጠው የጥበብና ንድፍ ምዘና ውስጥ ፎቶግራፍ ይገባል፤ ተማሪው ወረቀት ላይ አይፈተንም። አንድን የራሱን ጥያቄ ሲመረምር የቆየበትን ሂደት የሚያሳዩ 15 ምስሎችን ያቀርባል፣ ይህም ከውጤቱ 60 በመቶውን ይይዛል፤ 40 በመቶው የሚመጣው ራሱ ከመረጣቸው 5 የተጠናቀቁ ሥራዎች ነው። ሙከራውና እርማቱ ከተጠናቀቀው ሥራ የበለጠ ነጥብ መያዙን ልብ ይሏል።

የቡና ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ የክበቡም አባል ነኝ፤ ማን እንደሆንኩ መምህራችን ቢገምቱም እባክዎ ክፍል ውስጥ አይንገሩብኝ።

ትልቁ ችግራችን ስልክ በትምህርት ቤቱ በር አለመግባቱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ስልካችንን ከአጥር ውጪ ሱቅ አስቀምጠን እንገባለን፤ ክበብ ሲጀመር ወጥተን እናመጣለን፤ ስንመለስ ጥበቃው ይከለክለናል። ሦስቱን ካሜራዎች ለ26 ሰው ስናካፍል ደግሞ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ትምህርቱ ውጤት የሚሰጥበት ከሆነ ይህ አስቀድሞ መፈታት አለበት።

ስለ መምረጥ ግን የራሴን ልናገር። ባለፈው ታኅሣሥ ወደ አጋሮ አቅጣጫ አያቴ ዘንድ ሄጄ ጀንፈል ሲደርቅ 60 ገደማ ፎቶ አነሳሁ። አያቴ ፊቷን መነሳት ስላልፈለገች በማድረቂያው አልጋ ላይ ያለውን ቡና ስታገላብጥ እጇን ብቻ አነሳሁ። በኋላ ሳያቸው 59ኙ ሥራ የሚያሳዩ ፎቶዎች ናቸው። በአንዱ ላይ ግን እጇ ቆሟል፤ የተበላሸ ፍሬ አግኝታ እያየችው ነበር። እሱን ብቻ አስቀረሁ። ለምን እንደሆነ በአማርኛ መናገር አቅቶኝ ለጓደኞቼ በአፋን ኦሮሞ ነበር ያስረዳኋቸው።

እናት ነኝ

ልጄ በዚህ ክበብ ውስጥ ናት። ሴት ልጅ ካሜራ አንግታ ብቻዋን ገበያ መሃል መግባቷ ያሳስበኛልና ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። በተጨማሪም እኔ ራሴ በሐሙስ ገበያ ቅቤ ስገዛ አንድ ልጅ ሳያስፈቅድ አንስቶኝ «ፎቶዬን የት ልታደርገው ነው?» ስለው መልስ አልነበረውም። መልሱን ያስተምሩልን።

የሕግ ባለሙያ

እናት ያነሱት ጥያቄ በሕግም መልስ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ እርሱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም የመንግሥት ሥራ የያዘ ሲሆን፣ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲያስፈልግ፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ጉዳይ ጋር ሲያያዝ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ተማሪዎች ይህን ልዩ ሁኔታ ሰፊ በር አድርገው እንዳይወስዱት እመክራለሁ። የአንዲት ነጋዴ ፊት ብቻውን ትልቅ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ የገበያው ሁነት ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የተማሪዎቹም መብት አይዘንጋ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ሲሆን፣ የጥበቃው ዘመን ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ የተማሪን ፎቶ በመጽሔት ወይም በማስታወቂያ ላይ ሊያወጣ ሲፈልግ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅና ወላጇን ጠይቆ መሆን አለበት።

መምህር ከጅሬን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስልኩን ጉዳይ ለዩኒት መሪው አቅርቤያለሁ፤ በትምህርቱ ቀን ስልኮቹ ጠዋት በስም ተመዝግበው ቢሮ እንዲቆዩና በክፍለ ጊዜው እንዲሰጡ በቃል ተስማምተናል፤ በጽሑፍ እስኪመጣ ግን አላምንም። ሂሱን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እናካሂዳለን፤ ዓይን ያየውን ለመናገር ሁለተኛ ቋንቋ ፍለጋ መሄድ እንደሌለበት የቡና ልጅ አስተምሮኛል።

ሙያ ወይስ ጥበብ በሚለው ላይ ግን ከባለ ፎቶ ቤቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ደንበኛው የሚመርጠው ራሱን ነው፤ ተማሪዬ ግን የማታውቀውን ሰውና ቦታ ልትመርጥ ነው የምትሄደው። ስለ ቀለም አልጨነቅም፤ በገበያው ሰማያዊ ሸራ ሥር ሰዎች ሰማያዊ ሆነው ቢወጡም በኋላ በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን።

ሌንስና መስታወት

በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ እርማት አለኝ። ስልኮቹ የሚያስቀምጡት ጄፔግ የሚባለው የተጨመቀ የምስል ፋይል ለእያንዳንዱ የቀለም ዘርፍ (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ) 256 የብርሃን እርከን ብቻ አለው። በሰማያዊ ሸራ ሥር ቀዩ ቀለም ከመጀመሪያው በጥቂት እርከኖች ላይ ተጨናንቆ ስለሚመዘገብ፣ በኋላ ሲለጠጥ ፊት ላይ ሻካራ ሽርክት ይፈጥራል። ካሜራዎቹ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ያልተጨመቀና ያልተቀናበረ ምስል፣ የሚያስቀምጡ ከሆነ 16,384 እርከን ስለሚኖር ማስተካከያው ይቻላል። ስልክ የያዘ ተማሪ ግን ሴትዮዋን ሁለት እርምጃ ወደ ክፍቱ ብርሃን እንድትወጣ ቢለምናት ይሻለዋል፤ ወይም ሰማያዊውን እንደ ሰማያዊ ተቀብሎ ያንሳው።

ይህን ስጽፍ ያስተዋልኩትን ልደብቅ አልችልም፤ «ተቀብሎ ያንሳው ወይስ ይለምናት» የሚለው የፊዚክስ ጥያቄ አይደለም። የሠዓሊትን መልስም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፈተናው ያነሳሁት ግን አልተመለሰም፤ እሱን አልተውኩትም።

እስከዚያው ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ላበርክት። የጥንቱ የብርሃን ሊቅ ኢብን አል-ሃይሠም ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የሚሆነውን መርምሯል፤ እኛም ልንደግመው እንችላለን። የቤተ ሙከራውን መስኮቶች በጥቁር ላስቲክ ሸፍነን የአንድ ሳንቲም ስፋት የማይሞላ ቀዳዳ እንተዋለን። ፀሐይ የወጣ ቀን ከሆነ የትምህርት ቤቱ ግቢ ከነባንዲራው፣ ተገልብጦ፣ በግድግዳው ላይ ይታያል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ተማሪዎቻችን አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጣሉ ወይ የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። በክረምት አይሞከርም፤ የጅማ ደመና አያስኬድም።

ባለ ፎቶ ቤቱ

መምህር፣ አልተቀየምኩም። ይልቁንም የተናገሩት ነገር የድሮውን አስታወሰኝ። ሥራ ስጀምር አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚያነሳው። ፊልሙ ገንዘብ ነው፣ ማጠቢያው ገንዘብ ነው፣ ወረቀቱም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሠርግ ሦስት ፊልም ይዤ ስሄድ፣ አሁን ይነሳ ወይስ ይቆይ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር እውል ነበር። ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር ስለማውቅ፣ ለዚያች ቅጽበት አንድ ፍሬም ሳላቃጥል አስቀር ነበር። መምረጥ የደንበኛው ሥራ ነው ያልኩት ለካ ከዲጂታሉ በኋላ የመጣ ልማዴ ነው። አሁን ለአንድ ሠርግ 1,500 አነሳለሁ፤ ቤት ገብቼ ሳያቸው ድካም ብቻ ይሰማኛል፤ ለደንበኛው አስረክቤ እገላገላለሁ።

እንግዲህ ለአንድ የቤት ሥራ 36 ፎቶ ብቻ ይፍቀዱላቸው። ማጥፋት ክልክል ይሁን፤ የተበላሸውም ይቆጠር። ሠላሳ ስድስቱን በአንድ ገጽ ላይ በትንንሹ አሳትሜ እሰጣለሁ፤ በስልክ ላይ አንድ በአንድ ከመግፋት ይልቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ሲታዩ ድግግሞሹ ራሱ ያሳፍራል። ለሃያ ስድስቱም የመጀመሪያውን ገጽ በነፃ አትማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትምህርት ቤቱ ይቻል።

ሠዓሊት

ባለ ፎቶ ቤቱ ያሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጣሉትንም ያስረክቡ። ከሠላሳ ስድስቱ አንዱን መርጠው፣ ለጥቂት ሊመርጧቸው የነበሩትን ሦስቱን ደግሞ ለምን እንደተዉ በሁለት ሁለት መስመር ይጻፉ። ነጥቡ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ያ ጽሑፍ ከሌላ ሰው ሊገለበጥ አይችልም።

መምህር ከጅሬን

ዕቅዱን እንደገና ጽፌ ትናንት አስገብቻለሁ። የመሣሪያው ትምህርት ከአሥራ ስድስት ሳምንት ወደ አራት ወርዷል፤ የመጀመሪያው ሳምንት የጨለማው ክፍልና የነጭ ልብስ መልመጃ ነው። ከመቶው 40 ነጥብ ለተመረጡት ፎቶዎች፣ 40 ለተጣሉትና ለተጻፈው ምክንያት፣ 20 በሂስ ላይ ለሚደረግ ተሳትፎ ሰጥቻለሁ። ስለ ብሔራዊ ፈተናው ባልደረባዬ ላነሱት መልስ የለኝም፤ ክፍለ ጊዜዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ብቻ እንዲሆኑ ያደረግሁት ለዚሁ ነው።

ባለ 412 ፎቶዋን ተማሪ ጠርቼ እንድትመርጥ ጠየቅኋት። ሦስት ቀን ወሰደባት። መጀመሪያ ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 9 አወረደቻቸው። እኔ ብሆን የማስቀረው የበርጩማ ሻጩን ነበር፤ በርጩማዎቹ ተደራርበው ቅርጻቸው ያምራል (ይቅርታ፣ ሠዓሊት፣ ቃሉ አመለጠኝ)። እሷ ግን ያስቀረችው የአንዲት በርበሬ ነጋዴ ፎቶ ነው። የገበያው ሸራ ግማሽ ፊቷን ሰማያዊ አድርጎታል፤ ከኋላዋም የሰው ክርን ገብቷል። ምክንያቷን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «በሌሎቹ ሁሉ ሰዎቹ እኔን ነው የሚያዩት፤ እሷ ግን ሚዛኗን ታያለች።» አሁንም የበርጩማው ይሻላል ባይ ነኝ፤ እሷም ከሐሳቧ አልወረደችም።

ነጋዴዋ ግን አልተጠየቀችም። ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ከሰዓት ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ሆና ፎቶውን ይዛላት ትሄዳለች፤ ካልፈቀደች አይሰቀልም። ባለ ፎቶ ቤቱ፣ እስከ ረቡዕ ሁለት ኮፒ ቢያትሙልን፤ አንዱ የነጋዴዋ ነው።